ኮንቴይነሩ የት ይቀመጣል? ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አውሮራ ዕቃችንን እንዴት እንዳጓጓዝን

ዕቃችንን በኮንቴይነር ልከን ከሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ኮሎራዶ አውሮራ ልንሄድ ስንነሳ ያማከርነው ሰው ሁሉ የሚያወራን ስለ ዋጋ ነበር። የትኛው ይረክሳል፣ የትኛው ቅናሽ ያደርጋል። ስንደርስ ኮንቴይነሩ የት እንደሚቀመጥ ግን ማንም አላነሳልንም። የምጽፈው ለዚያ ነው። ከዲሲ አካባቢ ወደ ዴንቨር፣ ወደ ዳላስ፣ ወደ ሲያትል የሚሄድ የሀገር ልጅ ብዙ ነው። የኛ ዓይነት ነገር ማንም ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

አሠራሩን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ድርጅቱ ባዶውን ሳጥን ደጃችሁ ድረስ ያመጣል። ራሳችሁ ትጭናላችሁ፣ በራሳችሁ ቁልፍ ትቆልፋላችሁ። እነሱ አንስተው አዲሱ ቤት ያደርሱታል፣ እናንተ ታወርዳላችሁ። ብዙ ጊዜ ከሙቨሮች፣ ማለትም ዕቃውን ራሳቸው ጭነው ከሚያደርሱት ድርጅቶች፣ ይረክሳል። ልጆች ይዞ ትልቅ ትራክ 1,700 ማይል ገደማ ከመንዳትም ያሳርፋል። እኛ በራሳችን መኪና አይ-70 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዘን ሄድን። መንገዱ ረጅም ቢሆንም በሰላም ገባን።

ምርጫው ብዙ አይደለም። ፖድስ እስከ 16 ጫማ የሚረዝም ሳጥን አለው። ዩ-ሆል ዩ-ቦክስ የሚባል ትንሽ የእንጨት ሳጥን ያከራያል፤ 8 በ5 ጫማ ግድም ሆኖ እስከ 2,000 ፓውንድ ይይዛል፣ የሚበቃችሁን ያህል ታዛላችሁ። ዩ-ፓክ ደግሞ በተጠቀማችሁበት ቦታ ልክ ያስከፍላል። ሌሎችም አሉ። የኔን ድርጅት ስም አልጠራም። እኔን የገጠመኝ ከማንኛቸውም ጋር ሊገጥማችሁ ይችላል።

ስለ መጠን አንድ ነገር ልበል። ድርጅቶቹ «ባለ ሁለት መኝታ ከሆነ ይኼኛው ይበቃሃል» ይላሉ። አትስሟቸው። የመኝታ ቤት ቁጥር የሀበሻ ቤት ውስጥ ስላለው ዕቃ ምንም አይናገርም። ለእንግዳ ተብሎ የተቀመጠው ፍራሽ አለ። ከሀገር ቤት የመጡት ሻንጣዎች አሉ። ቡፌው አለ፣ ውስጡ ያለው ብርጭቆ አለ። ሜትር ይዛችሁ ትልልቁን ዕቃ ለኩ፣ ከዚያ እዘዙ።

መጫኑ ቀላል ነበር። ከባዱ ከታችና ከግድግዳው በኩል ይገባል፣ በየመሀሉ በቀበቶ ይታሰራል። የኤሌክትሪክ ምጣዱን ግን ባለቤቴ ማንም እንዲነካባት አልፈቀደችም። በብርድ ልብስ ጠቅልላ በሁለት ፍራሽ መሀል በጎኑ አቆመችው። ሲኒዎቹን አንድ በአንድ በልጆቹ ካልሲ ውስጥ ከተተች። ረከቦቱን ገልብጣ ባዶውን ቦታ በፎጣ ሞላችው። አንድም ነገር ሳይሰነጠቅ ደርሷል። በርበሬና ሽሮውን በመኪናችን ይዘን ሄድን። እናንተም እንደዚያ አድርጉ፤ ውሉ ምግብ መጫን ይከለክላል፣ የተዘጋ ሳጥን ደግሞ በፀሐይ ይግላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ።

አውሮራ የተከራየነው አፓርትመንት ነው። ሊዙን ከመፈረሜ በፊት ደውዬ ኮንቴይነር ማምጣት ይቻል እንደሆነ ጠየቅኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ «ችግር የለም፣ ብዙ ሰው ያመጣል» አለችኝ። ድርጅቱም ቦታ መኖሩን ጠየቀኝ፣ አለ አልኩ። በሁለቱም በኩል ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

ኮንቴይነሩ በጠዋት መጣ። ሾፌሩ ወርዶ ግቢውን ዞሮ አየ። ፓርኪንጉ ግራና ቀኝ ጣሪያ አለው። እሱ ደግሞ ሳጥኑን አንስቶ ለማስቀመጥ ከላይ 15 ጫማ ያህል ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ክፍት የሆነው የእሳት አደጋ መኪና መግቢያው ብቻ ነበር። ይኼኔ ማናጀሯ ከቢሮ ወጣች። ኮንቴይነር ግቢው ውስጥ አያድርም አለች። በስልክ የተባልኩትን ነገርኳት። «ማን ነው ያለህ?» አለችኝ። የልጅቷን ስም አልያዝኩም ነበር። ሾፌሩ ሰዓቱን አየ፣ ወደ ድርጅቱ ደወለ፣ ይቅርታ ጠየቀኝና ይዞት ሄደ። የልጆቹ አልጋ ውስጡ ነው። የክረምት ልብሳችን ውስጡ ነው። ከእንቁጣጣሽ በኋላ ነበር፣ የአውሮራ ሌሊት መቀዝቀዝ ጀምሯል።

ከዚያ በኋላ ያለው እስካሁን ያበሳጨኛል። ድርጅቱ ጋ ስደውል ሁሌም ሌላ ሰው ያነሳል፣ ሁሌም ታሪኩን ከሀ እጀምራለሁ። አንዷ ቶሎ መልሰን እናመጣለን ትላለች። ሌላው ከአፓርትመንቱ የፈቃድ ደብዳቤ አምጣ ይላል። አፓርትመንቱ ጋ ስሄድ ደብዳቤ የምንሰጠው ድርጅቱ የአፓርትመንቱ ስም ያለበት የኢንሹራንስ ሰርተፍኬት ሲልክ ነው ይላሉ። ድርጅቱ ደግሞ ሰርተፍኬቱን የምንልከው የማድረሻ ቀን ሲያዝ ነው ይላል። ቀን ለማስያዝ? ደብዳቤው ያስፈልጋል። አንዱ ሌላውን እየጠበቀ እኛ ምንጣፍ ላይ ጃኬት ደርበን እንተኛለን። በዚህ መሀል ሳጥኑ መጋዘናቸው የሚቆይበት የስቶሬጅ ኪራይ ይቆጥራል። መልሶ ለማምጣትም ሌላ ክፍያ ተጨመረ። ሁለቱም ቢሮ ውስጥ ስልክ አንስቶ ከሌላው ጋር ልነጋገር ያለ አንድ ሰው አልነበረም። የደከመኝ ከገንዘቡ ይልቅ እሱ ነው።

ተናድጄ ለፌደራል መንግሥት እከሳችኋለሁ አልኩ። ከዚያ ሕጉን ሳነብ ነው ነገሩ የገባኝ። ሙቨሮች የሚተዳደሩበት የቤት ዕቃ ማጓጓዣ ደንብ አለ። ለምሳሌ የመጨረሻ ያልሆነ የዋጋ ግምት ከሰጧችሁ፣ የግምቱን 110 በመቶ ከከፈላችሁ ዕቃችሁን ማስረከብ አለባቸው። ቀሪውን በኋላ ይጠይቃሉ እንጂ ዕቃውን መያዣ አያደርጉትም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ሕግ ባለቤቱ ራሱ ጭኖ ራሱ የሚያወርደውን ኮንቴይነር ደንቡ ከሚገዛው «የቤት ዕቃ አጓጓዥ» ፍቺ አውጥቶታል። ስለዚህ የሚገዛችሁ በዋነኛነት የፈረማችሁት ውል ነው። ይህን ማስታወቂያቸው ላይ አታገኙትም። ውሉን ቁጭ ብላችሁ አንብቡ። በተለይ ዕቃውን ማድረስ ካልተቻለ ማን ይከፍላል የሚለውን። የጉዳት ሽፋንም እንደዚያው ነው። እነሱ የሚሸጡትን ከመግዛታችሁ በፊት የቤት ተከራይ ኢንሹራንሳችሁ መንገድ ላይ ያለ ዕቃ ይሸፍን እንደሆነ ጠይቁ።

መውጫውን ያሳየኝ ትራክ የሚነዳ ጓደኛዬ ነው። «እነሱ እስኪመጡ ለምን ትጠብቃለህ? መጋዘናቸው ድረስ ሄደህ አራግፈው» አለኝ። ደውዬ ጠየቅኩ። ይቻላል! ቀጠሮ ማስያዝ ብቻ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ስደውል ይህ መንገድ እንዳለ የነገረኝ የለም። ትራክ ተከራየን። ከቤተክርስቲያን ገና ስማቸውን እንኳን ያላወቅኳቸው ወጣቶች መጡ። መጋዘኑ በር ላይ ከሳጥን ወደ ትራክ አሻገርን፣ ከሰዓት ሳይመሽ ቤታችን ገባ። ልጆቹ ያን ቀን አልጋቸው ላይ ተኙ። እነዚያን ወጣቶች እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ውለታቸውን አልረሳም።

ስለዚህ ምክሬ ድርጅቶቹ ከሚሉት ይለያል። እነሱ በሩ ድረስ ማድረሱን ነው የሚያሻሽጡት። አፓርትመንት የምትገቡ ከሆነ በሩን እርሱት። ከመጀመሪያው፣ መጋዘናቸው ድረስ ሄዳችሁ እንድታራግፉ ውሉ ላይ አስገቡ፣ ትራክ የምትከራዩበትን ገንዘብ ያዙ። የራሳችሁ ግቢ ያለው ቤት ከሆነ ግን ደጃችሁ ድረስ ይምጣ፣ ምቾቱ ትልቅ ነው። አፓርትመንቱ ይፈቅዳል ከተባላችሁም በስልክ አትመኑ። ኢሜይል ላኩ፤ የት እንደሚቀመጥ፣ ስንት ሌሊት እንደሚያድር፣ ሰርተፍኬት ይፈልጉ እንደሆነ በጽሑፍ ይመልሱላችሁ። ፓርኪንጉን በቪዲዮ አስቀርጹ፣ ጣሪያና የዛፍ ቅርንጫፍ ይታይ። ሰርተፍኬቱ ካስፈለገ ዕቃው ገና ሳይነሳ ተጨርሶ ይለቅ።

ከረጅም ክርክር በኋላ መልሶ ለማምጣት የጠየቁትን ክፍያ ሰረዙልኝ። የስቶሬጁን ግን አልመለሱም። ለማንኛውም ካርዳችሁን ተከታተሉ። ኪራዩ የሚቆመው ዕቃ ያወረዳችሁ ቀን ሳይሆን እነሱ ሳጥኑ ባዶ መሆኑን መዝግበው ውሉን ሲዘጉ ነው። እኔ ካራገፍኩ በኋላም የአንድ ወር ኪራይ ቆረጡብኝ፣ ያስመለስኩት ባዶውን ሳጥን ፎቶ አንስቼ ስለነበር ነው። መጋዘኑን ሳትለቁ ፎቶ አንሱ፣ መዘጋቱንም በኢሜይል እንዲያረጋግጡላችሁ እዚያው ቆማችሁ ጠይቁ።