ዲፓርትመንት ከመሙላታችሁ በፊት ማስታወቂያ ቁጠሩ

የፍሬሽማን ዓመት አልቆ የዲፓርትመንት ምርጫ ሲመጣ ዶርም ውስጥ የሚነሳው ክርክር በየዓመቱ ያው ነው። «ሲቪል ሞልቷል»፣ «ጤና ይቀጥራል»፣ «ማኔጅመንት ሥራ የለውም»። ብዙው ሰው እንዲህ የሚለው ሰፈሩ ውስጥ የሚያውቃቸውን አንድ ሁለት ምሩቃን አይቶ ነው። የቅጥር ማስታወቂያ ግን ለሁሉም ክፍት ነው፤ እሱን አገላብጦ የሚከራከር ጥቂት ነው።

የአንድ ወር ማስታወቂያ ሰብስቡ፤ ከሪፖርተርና ከአዲስ ዘመን፣ ከኢትዮጆብስ፣ ከቴሌግራም የሥራ ቻናሎች። ኤክሴል ላይ የሥራ መደቡን፣ የተጠየቀውን የትምህርት መስክ ልክ እንደተጻፈ፣ የሥራ ልምዱንና የሥራ ቦታውን መዝግቡ። አንዱ ማስታወቂያ በየቻናሉ ስለሚለጠፍ የተደጋገመውን ሰርዙ። ከዚያ «0 ዓመት» የሚለውን ብቻ ለይታችሁ ቁጠሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ የማስታወቂያው ብዛት ያጓጓዋል፣ አብዛኛው ልምድ ላለው ሰው የወጣ መሆኑን አያይም። ለአዲስ ምሩቅ የሚጠቅመው ቁጥር ከጠቅላላው በጣም ሊያንስ ይችላል።

ሁለተኛው የምታዩት ነገር የዲፓርትመንቱን ስም ነው። ማመልከቻ የሚለየው የሰው ኃይል ባለሙያ ማስረጃችሁ ላይ ያለውን ስም ከተፈላጊ ችሎታው ጋር ያስተያያል። «ወይም ተዛማጅ» የሚለው ቃል ቢኖርም፣ ምን ተዛማጅ እንደሆነ የሚወስነው እሱ ነው። በተለይ መንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ቅሬታም ኦዲትም ስለሚፈራ ስሙ ቃል በቃል ካልተጻፈ ፋይሉን ወደ ጎን ያደርገዋል። ስለዚህ ኮርሳቸው የሚቀራረብ ሁለት ዲፓርትመንቶች ካሉ ሰፊና የታወቀ ስም ያለውን ምረጡ። ኢኮኖሚክስ ብዙ ማስታወቂያ ላይ በስሙ ይጠራል፤ ስሙ ረጅምና ጠባብ የሆነ ዲፓርትመንት ግን ትምህርቱ ጥሩ ሆኖ እንኳ ምሩቁን ደጅ ያስጠናል። የመጀመሪያ ዲግሪ ሰፊ ይሁን፣ ጠበብ ማለት ለማስተርስ ይቆይ፤ በዚህ አቋሜ አልደራደርም።

አካውንቲንግ ለምን ይቀጥራል? በቫት የተመዘገበ ድርጅት ሁሉ የሚያሳውቀው ግብር፣ የሚከፍለው ደመወዝ አለ፤ ያን የሚሠራ ሰው የግድ ያስፈልገዋል። ችግሩ በመደበኛ፣ በማታ፣ በቅዳሜና እሁድ፣ በርቀትም የሚመረቀው ብዙ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሰው የሚለየው በፈተና ነው። ፈተናው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከባድ አይደለም፦ ፔሮል (የደመወዝ ስሌት)፣ ባንክ ሪኮንሲሌሽን (የድርጅቱን መዝገብ ከባንክ መግለጫው ጋር ማስታረቅ)፣ ፒችትሪ የተባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ መመዝገብ። ጡረታ የሚሰላው ከመሠረታዊ ደመወዝ ነው፤ 7 በመቶው ከሠራተኛው ይቆረጣል፣ 11 በመቶው ከአሠሪው ይጨመራል። አበል ደምሮ የሚያሰላ፣ 11ዱንም ከሠራተኛው የሚቀንስ ተፈታኝ ብዙ ነው። ቫትን ጨምሮ 23,000 ብር የሆነ ደረሰኝ ሲሰጣቸው በ15 በመቶ አባዝተው 3,450 ብር የሚጽፉም አሉ። ትክክለኛው ለ1.15 ማካፈል ነው፤ ዋጋው 20,000፣ ቫቱ 3,000 ብር ይሆናል። በከፍተኛ ውጤት ተመርቆ በዚህች ስሌት መውደቅ ያሳዝናል።

ሲቪል «ሞልቷል» የሚባለው በከንቱ አይደለም። ግንባታ በመንግሥት በጀትና በሲሚንቶና በብረት ዋጋ ላይ ስለተንጠለጠለ እነዚህ ሲናጉ ቅጥሩም ይቆማል። ያም ሆኖ ቴክኦፍ (የሥራውን መጠን ከፕላን ለክቶ ማውጣት) ሠርቶ የክፍያ ሰርተፍኬት (ለተሠራው ሥራ የሚቀርብ የክፍያ ሰነድ) ማዘጋጀት የሚችል ኦፊስ ኢንጂነር ይፈለጋል። የቴክኦፍ ሺት አራት ዓምዶችን (ታይምሲንግ ማለትም ብዛት፣ ዳይሜንሽን ማለትም ልኬት፣ ስኩዌሪንግ ማለትም የስሌቱ ውጤት፣ ዲስክሪፕሽን ማለትም የሥራው መግለጫ) ሳያዩ መሙላት መቻል አለባችሁ። ለምሳሌ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ኮለን (ምሰሶ) 0.48 ሜትር ኪዩብ ኮንክሪት ይወስዳል። ሲ-25 የሚባለው የኮንክሪት ደረጃ በሜትር ኪዩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ተብሎ ከተያዘ 172.8 ኪሎ፣ ማለትም ከ1 ኩንታል ከ70 ኪሎ ትንሽ ያለፈ ነው፤ ብክነቱ ሳይታሰብ። ኢንተርንሺፕ ስትወጡ ሳይት ላይ ቆሞ ከማየት ይልቅ ቢሮ ገብታችሁ ይህን የሚያሠራችሁን ቦታ ፈልጉ።

የጤና መስኮች አንድ ትልቅ ጥቅም አላቸው። ሥራው በሙያ ፈቃድ የታጠረ ነው፤ የፋርማሲን ወይም የላብራቶሪን ቦታ የሌላ መስክ ምሩቅ አይወስደውም። ሆኖም እንደ ቀድሞው ተመርቆ ምደባ መጠበቅ አያዋጣም፤ የመንግሥት ጤና ተቋማት የሚቀጥሩት በጀት ሲፈቀድላቸው ነው፣ ሐኪሞችም ሥራ ፈልገው የሚንከራተቱበት ጊዜ ነው። ባሕረ ሰላጤ አገሮች ለመሥራት ያሰበ ነርስ ደግሞ ማስረጃውን ዳታፍሎው በተባለው የማስረጃ አጣሪ ድርጅት ማስመርመርና ፕሮሜትሪክ የሚባለውን በኮምፒውተር የሚሰጥ የሙያ ፈቃድ ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል፤ በአብዛኛው የ2 ዓመት የሥራ ልምድም ይጠየቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቅጥር ደመወዙ ቢያንስም ማኅተም ያለበት የልምድ ደብዳቤ የሚሰጥ ይሁን።

ሶሲዮሎጂንና ጂኦግራፊን «ሥራ የላቸውም» ብሎ መዝጋት ግን በደል ነው። የሚጎድላቸው በእጅ የሚያዝ ሙያ ነው። ሶሲዮሎጂ የተማረ ሰው ኮቦ በተባለው የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ ላይ መጠይቅ አዘጋጅቶ በስልክ መረጃ መሰብሰብ፣ ከዚያም ኤስፒኤስኤስ በተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር መተንተን ከቻለ በጥናት መረጃ ሰብሳቢነት ጀምሮ ወደ ድርጅት መግባት ይችላል። ጂኦግራፊ የተማረው ኪውጂአይኤስ የተባለውን የካርታ ሥራ ሶፍትዌር ይልመድ፤ ሶፍትዌሩ በነፃ ይገኛል። የምትሠሩበትን አካባቢ ቋንቋ መናገርም ለመስክ ሥራ ትልቅ ብልጫ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ መስኮች ተግባራዊ ሆኗል፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው፣ ያላለፈ ዲግሪውን አይወስድም። ስለዚህ ገበያው የቱንም ያህል ቢፈልገው ልትዘልቁት የማትችሉትን ዲፓርትመንት አትሙሉ። ፎርሙን ከመመለሳችሁ በፊት ከዲፓርትመንቱ ተመርቀው ዓመት የሞላቸውን ጥቂት ሰዎች አግኙና ጠይቁ፦ ስንት ቦታ አመለከታችሁ? ለፈተና ስንቱ ጠራችሁ? ፈተናው ላይ ምን መጣ? የመጨረሻውን መልስ በደንብ ጻፉት፤ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ የምትለማመዱት እሱን ነው።