ቲሸርቱ ይቅርና የሰዓት መዝገቡን አሳዩኝ

ትልልቆቹ ዓለም አቀፍ የሕግ ድርጅቶች በየዓመቱ የሚለቁትን ፎቶ ታውቁታላችሁ። ሁሉም አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሷል፣ አንዱ ችግኝ ይዟል፣ ሌላው የትምህርት ቤት አጥር ይቀባል። እኔ ፎቶውን ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር ነው የሚያምረኝ፤ የዚያን ቀን የሰዓት መዝገብ ማየት።

በእነዚህ ቤቶች ሁሉም ነገር የሚለካው በሰዓት ነዋ። ብዙዎቹ ጠበቆች የዋሉበትን ሥራ በ6 ደቂቃ በ6 ደቂቃ እየከፋፈሉ ይመዘግባሉ (ይህን ያመጣው ሰው ከጓደኛው ጋር ቁጭ ብሎ ተጫውቶ አያውቅም መሰለኝ)፣ ደንበኛ የሚከፍልበት ሰዓት ለዓመቱ ከተቀመጠው ልክ ከጎደለ ደግሞ ቦነሱም እድገቱም ያጠራጥራል። እና ድርጅቱ «ኅብረተሰቡን አገልግሉ» ብሎ ያ ሰዓት ካልተቆጠረ፣ ከእንቅልፋችሁ ቀንሳችሁ ስጡ ማለቱ ነው። የምሩን የያዘው ድርጅት የነፃ አገልግሎቱን ሰዓት ልክ እንደሚከፈልበት ሰዓት ይቆጥረዋል። በቃ።

መለኪያው አዲስ አይደለም። የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር በሞዴል ደንቡ አንድ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ነፃ የሕግ አገልግሎት ለመስጠት እንዲጥር ይላል፤ ግዴታ ግን አይደለም። ኒውዮርክ ከ2015 ወዲህ (በፈረንጆቹ) ጠበቃ ለመሆን የሚያመለክተው ሰው አስቀድሞ 50 ሰዓት እንዲሠራ ታስገድዳለች። ትልልቅ ድርጅቶች ደግሞ ከሚከፈልበት ሰዓታቸው 3 ወይም 5 በመቶውን ለነፃ አገልግሎት ለመስጠት ቃል የሚገቡበት አሠራር አለ።

አጥር መቀባት ክፉ ነው አላልኩም። ግን የጠበቃ እጅ ሌላ ነገር ይችላል። ክላረንስ ጌዲዮን የሚባል ድሃ እስረኛ ያለ ጠበቃ ተፈርዶበት ለአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በእርሳስ አቤቱታ ጻፈ፤ ፍርድ ቤቱ የመደበለት ኤብ ፎርታስ የአንድ ትልቅ የዋሽንግተን የሕግ ድርጅት ሸሪክ ነበር፣ ጉዳዩንም በነፃ ተከራከረለት። በ1963 (ይህም በፈረንጆቹ) የተሰጠው ውሳኔ በከባድ ወንጀል ተከስሶ ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌለው ሁሉ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆም አደረገ።

ብዙም የማይወራው ነገር የጥቅም ግጭት ነው። ማንኛውም ነፃ ጉዳይ ከመያዙ በፊት ድርጅቱ ከደንበኞቹ ጋር እንደማይጋጭ ይጣራል፤ በብዙ አገር ቢሮ ያለው ቤት ደግሞ የደንበኞቹ ዝርዝር ማለቂያ የለውም። ባንክ ቤቷን ሊሸጥባት የደረሰች እናት ብትመጣና ባንኩ በሌላ አገር ያለው ቢሮ ደንበኛ ሆኖ ቢገኝ፣ ሴትየዋ በትሕትና ትሸኛለች። ለዚህ ይመስለኛል እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ለጥገኝነት ጠያቂዎችና ለትንንሽ ማኅበራት ምዝገባ እጃቸው የሚፈታው፣ ከባንክና ከአሠሪ ጋር ክርክር ሲመጣ ግን የሚቋጠረው። ደንቡ ተገቢ ነው፣ ማንም ጠበቃ በደንበኛው ላይ መቆም የለበትም። ግን ጉዳዩን ለሌላ ነፃ ጠበቃ ማስተላለፍ፣ ወይም ያንን ሥራ ለሚሠራ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ገንዘብ መስጠት ማንንም አይከለክልም። እዚህ ላይ ዝም የሚል ድርጅት ስለ ኅብረተሰብ ሲያወራ ብዙም አልሰማውም።

የጥብቅና ፈቃድ ጉዳይም አለ፦ በአንድ አገር ጠበቃ የሆነ ሰው ተዛውሮ የሚሠራበት አገር ፍርድ ቤት ዘው ብሎ መቆም አይችልም። የዚያ አገር ጠበቆች ካላገዙት ነፃ ክርክሩም አይሆንለትም።

ደግሞ የሕግ ድርጅት ጠበቃ ብቻ አይደለም። የሒሳብ ሠራተኛው፣ ጸሐፊዋ፣ የአይቲው ልጅ አሉ፤ አጥር ሲቀባ ከፊት የሚሰለፉት እነሱ፣ ሰዓት ሲቆጠር የሚረሱትም እነሱ። አንድ ትንሽ ማኅበር መዝገቡን የሚያስተካክልለት የሒሳብ ሰው ቢያገኝ ስንት ነገር ይቀልለት ነበር! ጠበቃው ነፃ ሰዓቱ ከተቆጠረለት፣ የሒሳብ ሠራተኛውም ያን ቀን ከዓመት ፈቃዱ አይቆረጥበት።