ፍሊት የጣላት ትንኝ ሁሉ አልሞተችም

ፍሊት በተነፋ በአሥር ደቂቃ ወለል ላይ የተዘረሩትን ትንኞች ቆጥሮ «ይሠራል» ማለት አያስተማምንም። በቤት ፍሊት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ፒሬትሮይድ የሚባል መድኃኒት ነርቭ ስለሚመታ ትንኟን ቶሎ ይጥላታል። መድኃኒቱን የተላመደች ከሆነች ግን ቆይታ ነቅታ ትበራለች። ስለዚህ ሁለት ጊዜ እቆጥራለሁ፤ አንዴ በ60ኛው ደቂቃ፣ አንዴ 24 ሰዓት ሲሞላ። የምፈርደው በሁለተኛው ነው።

ለሙከራው ትንኝ ከቤት አልይዝም፤ እጭ ከኩሬ ቀድቼ አሳድጋለሁ። እንዲህ ያደገች ትንኝ የሰው ደም ስላልቀመሰች ወባ አትሸከምም፣ ዕድሜዋም ይታወቃል። የአኖፊለስ፣ ማለትም የወባ ትንኝ፣ እጭ ውኃው ላይ ጋደም ብሎ ይንሳፈፋል፤ ጭንቅላቱን ቁልቁል ዘቅዝቆ የሚንጠለጠለው የእሷ ስላልሆነ አስወግደዋለሁ። ክንፍ ካወጡ ከ3 እስከ 5 ቀን የሆናቸውን ሴቶች ብቻ እለያለሁ። ወንዱ አንቴናው እንደ ላባ የተንጨፈረረ ስለሆነ በዓይን ይለያል።

በስስ መረብ በተሸፈኑ ትንንሽ ሣጥኖች 25፣ 25 እየከተትኩ አንዱን ክፍሉ መሐል፣ አንዱን ጣሪያ ጥግ፣ አንዱን አልጋ ሥር፣ አንዱን ከተሰቀለ ልብስ ኋላ አኖራለሁ። አምስተኛው ፍሊት በማይደርስበት ሌላ ክፍል ይቀመጣል፤ ማነጻጸሪያው እሱ ነው። ምግብና ውኃ አውጥቼ፣ እሳት አጥፍቼ፣ መስኮት ዘግቼ፣ ከውስጥ ወደ በሩ እያፈገፈግኩ እነፋለሁ። መጠኑን በሰከንድ አልለካም፤ ጣሳው እየጎደለ ሲሄድ የሚተፋው መጠን ሊለያይ ይችላል። ከመንፋቴ በፊትና በኋላ ጣሳውን በሚዛን አስቀምጬ ልዩነቱን በግራም እጽፋለሁ። ክፍሉ 20 ደቂቃ ተዘግቶ ይቆይና ይናፈሳል።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ነው ብዙ ሰው የሚያበላሸው። ትንኞቹ በተነፋበት ሣጥን ውስጥ ካደሩ ሌሊቱን ሙሉ መድኃኒት ሲረግጡ ስለሚያድሩ ውጤቱ ከእውነቱ በላይ ያምራል። ወዲያው ወደ ንጹሕ የወረቀት ኩባያ ይዛወሩ፤ 10% የስኳር ውኃ የነካ ጥጥ ከላይ ይደረግላቸው፤ ሙቀቱ 27 ዲግሪ አካባቢ ይሁን፤ አየሩ ደረቅ ከሆነ እርጥብ ፎጣ ይደረብ። የጠረጴዛውን እግሮች ውኃ ባለበት ሳህን ውስጥ ማቆም አይረሳ፤ ጉንዳን ሬሳውን ከወሰደ ቆጠራው ከንቱ ነው።

በ24ኛው ሰዓት እግሯ ቢረግፍም መብረር የቻለች በሕይወት አለች እላለሁ። መቆም አቅቷት የምትንፈራገጥ ከሞቱት ጋር ትቆጠራለች። ከማነጻጸሪያው 20% ወይም ከዚያ በላይ ከሞተ ሙከራውን እጥላለሁ፤ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የተበከለ ዕቃ ወይም መድኃኒት የነካ እጅ ነው። ከ5% እስከ 20% ባለው ከሆነ ይታረማል፤ ለምሳሌ ከማነጻጸሪያው 10%፣ ከተነፋባቸው 73% ቢሞት፣ ከሁለቱም ከ73ና ከ100 ላይ 10 ቀንሰን፣ 63ን ለ90 አካፍለን 70% እንላለን።

መሐል ባለው ሣጥን ያሉት ትንኞች ሞተው ሲያልቁ ከልብሱ ኋላና ከአልጋው ሥር ያሉት ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ፤ ጠብታው ጨርቅ አያልፍም። አኖፊለስ ቀን የምታርፈው ደግሞ እንዲህ ባለ ጨለማ ጥግ ነው። እንግዲህ ልብሱ ይነሣ፣ የአልጋው ሥር ለብቻው ይነፋ። በማግስቱ አዲስ ትንኝ እዚያው ክፍል ውስጥ ባኖር ብዙዋ ትተርፋለች። አየር ላይ የሚነፋ ፍሊት ግድግዳ ላይ ለወራት እንደሚቆየው የቤት ውስጥ ርጭት አይደለም፤ ማታ ተነፍቶ እኩለ ሌሊት የገባችውን አያገኛትም። ለእሷ ያለው አጎበር ነው።

24 ሰዓት ሞልቶም ብዙ ትንኝ ከተረፈ ሰው ሌላ ማርካ ይገዛል። እኔ መጀመሪያ ጀርባውን አነባለሁ፤ ፐርሜትሪን፣ ሳይፐርሜትሪን፣ ቴትራሜትሪን፣ ፕራሌትሪን እያለ «ትሪን» ላይ የሚያልቀው ሁሉ ያው የፒሬትሮይድ ቤተሰብ ስለሆነ የተለወጠው ጣሳው ብቻ ነው። ፒፔሮኒል ቡቶክሳይድ የተጨመረበት ካለ እሱን መሞከር ይሻላል፤ ትንኟ መድኃኒቱን የምታፈራርስበትን ኤንዛይም ያግዳል። መላመዱ ከራሱ ከነርቩ ለውጥ የመጣ ከሆነ ግን እሱም ብዙ አይረዳም።