ቀዩ ቁጥር አልነበረም

አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ጋራዥ ገብቼ አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎችን አቅጣጫና ዝንባሌ ማስተካከል፣ ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። ሦስተኛ ዓመት ክፉ ዓመት ነው። ሥራውን የቻልከው ይመስልሃል፣ ከኋላህ ቆሞ የሚያይህ ሰውም አይኖርም።

በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ በሆነበት ሰሞን አንድ የሐበሻ ልጅ ሱባሩ ቢአርዜድ የምትባል ስፖርት መኪና ይዞ መጣ። የ2013 ሞዴል፣ ሰማያዊ፣ መሬት ልትነካ ምንም ያልቀራት። ኮይሎቨር የሚባለውን፣ ከፍታው የሚስተካከል ሾክና ስፕሪንግ፣ አስገብቶ አውርዷታል፣ ቸርኬውን በሰፊ ቀይሯል፣ የጭስ ማውጫዋ ድምፅ ገና ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። ቅዳሜና እሁድ ብቻ የሚያወጣት መስሎኝ ነበር። ለካ በየቀኑ ከዉድብሪጅ አርሊንግተን ሥራ የሚመላለሰው በእሷው ነው። የኋላ ወንበሩ ላይ የምሳ ዕቃውና ጃንጥላው ተጋድመዋል።

«ብሮ፣ ፊት ለፊት አንድ ተኩል ዲግሪ ኔጋቲቭ ካምበር ስጠኝ። መታጠፊያ ላይ አፍንጫዋ እንቢ ይለኛል» አለኝ።

የሚያወራውን የሚያውቅ ልጅ ነው። ካምበር ማለት ጎማው ከፊት ሆነህ ስታየው አናቱ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ ነው፤ ወደ ውስጥ ሲሆን ኔጋቲቭ ይባላል። ይህች መኪና ከፋብሪካ ስትወጣ የፊት ካምበሯ ዜሮ አካባቢ ነው፤ ማስተካከያም አልተሠራላትም። ስለዚህ ሾኩን ከናክሉ፣ ጎማው ከሚታሰርበት ብረት፣ ጋር ከሚያስሩት ሁለት ብሎኖች አንዱን አውጥተህ የካምበር ብሎን የሚባለውን ትተካለህ። ቀጠን ያለ ነው፣ ወገቡ ላይ ጠማማ እብጠት አለው። ስታዞረው እብጠቱ ናክሉን ይገፋል፣ ጎማው ያዘነብላል። ብሎኖቹን ልጁ ራሱ ገዝቶ በላስቲክ ይዞ መጥቷል።

ችግሩ ማሽናችን የሚያውቀው የፋብሪካውን ልክ ብቻ መሆኑ ነው። በልኩ ውስጥ ያለ ቁጥር አረንጓዴ፣ ከልኩ የወጣ ቀይ ይሆናል። ልጁ የጠየቀው ደግሞ ጥርት ያለ ቀይ ነው። የጋራዡ ባለቤት ቀይ ያለበት ወረቀት እንዲወጣ አይፈልግም፤ «ነገ ጎማዬ ተበላ ብሎ ይኸን ወረቀት ይዞ ይመጣል» ይላል። እኔም እኮ ሐሳቡ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ግን መኪናዋ የፋብሪካ መኪና አይደለችም፣ በፋብሪካ ልክ ለምን ትለካለች? ግማሽ ሰዓት ተከራከርን። በመጨረሻ ወረቀቱ ላይ «በደንበኛው ጥያቄ» ብዬ እንድጽፍ ተስማማን።

መጀመሪያ የኋላውን ቶ አስተካከልኩ፤ ቶ ማለት ጎማው ከላይ ስታየው ፊቱ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞሩ ነው። የኋላው ከተዛባ መኪናዋ አቅጣጫዋ ጠማማ ስለሚሆን ከፊት የምትሠራው ሁሉ ከንቱ ነው። ቀጥሎ የፊቱን ካምበር አንድ ነጥብ ስድስት፣ ግራና ቀኝ እኩል። ቶውን አረንጓዴው መሃል ላይ አሳረፍኩት። ውጭ ሁለት ሰው ተራ እየጠበቀ ስለነበር ብሎኖቹን በኢምፓክት፣ በሞተር በሚዞረው መፍቻ፣ ድርርር አድርጌ አጠበቅኩና መሪዋን ሞከርኩ። እንደ መስመር ቀጥ ብላ ሄደች። ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ለባለቤቱ ላክሁለት፣ ትንሽ ለማናደድ።

ከሁለት ወር በኋላ ልጁ ተመለሰ። መሪው ተጣሟል፣ መኪናዋ ወደ ቀኝ ትጎትታለች፣ የፊት ጎማዎቹ አውራ ጎዳና ላይ ይጮኻሉ። እጄን ጎማው ላይ አሳለፍኩ። ወደ አንድ ወገን ስትዳስሰው ልስልስ ይላል፣ ስትመለስ እንደ መጋዝ ጥርስ ይይዛል። ይህ ጎማው በጎኑ እየተጎተተ መሄዱን የሚናገር ምልክት ነው፤ አላይመንት የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ። ግን አፌ ቀደመኝ፤

«ካምበሩ ጎማ ይበላል ብዬህ ነበር።»

እንደዚያ ብዬውም አላውቅ። ሦስት ደንበኛ እየሰማ ነው ያልኩት። ልጁ ዝም አለ፣ ጆሮው ቀላ።

ከጎኔ ባለው ሊፍት ላይ የሚሠሩት ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መጡ። አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ አካባቢ ያደጉ ሜካኒክ ናቸው። በዚያ ዘመን አላይመንት በሲባጎና በሜትር ይሠሩ እንደነበር ሁልጊዜ ያወሩናል፤ እኛም እንስቃለን።

«ካምበር መሪ ያጣምማል እንዴ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሁለቱም ጎን እኩል ያዘነበለ ካምበር መሪ አያጣምምም። ማሽኑ ላይ ሰቀልናት። ግራው እንደተውኩት አንድ ነጥብ ስድስት። ቀኙ ዜሮ ነጥብ ሰባት። የቀኙ ቶ ካስቀመጥኩበት ዜሮ ነጥብ ስድስት ዲግሪ ሸሽቷል።

ጋሼ ባትሪ አብርተው ቀኙ ናክል ሥር ገቡና ጠሩኝ። በብሎኑ ራስ ዙሪያ ብረቱ ላይ የጥፍር ጨረቃ የምታህል የሚያብረቀርቅ ጭረት አለች። ብሎኑ ከነበረበት ዞሮ የተመለሰበት መንገድ ነው። መፍቻ አስገብተው በሁለት ጣት ገፋ አደረጉት። ተንቀሳቀሰ።

«ይኸን ዳዶ ማን ነው ያጠበቀው?»

ማን እንደሆነ ያውቃሉ።

የካምበር ብሎን ቀጭን ስለሆነ የሚይዘው በጥብቀቱ ብቻ ነው። የጥብቀቱን ልክ በሚለካው በቶርክ መፍቻ፣ ብሎኑ በመጣበት ወረቀት ላይ በተጻፈው ልክ መጥበቅ አለበት። በኢምፓክት የተወው ሰው ስንት ላይ እንዳቆመ አያውቅም። ወደ አርሊንግተን ከሚወስደው መንገድ ጉድጓዶች አንዱ ሲመታት ብሎኑ ዞረ፣ ናክሉ ተንቀሳቀሰ፣ የመሪው ዘንግ ግን ባለበት ስለቀረ ጎማው ራሱን ጠመዘዘ። ቶ የሚዛባው በአንዱ ጎማ ቢሆንም ቀጥ ብለህ ስትነዳ ሁለቱ ፊቶች ይካፈሉታል፤ መሪው የተጣመመውም ሁለቱም ጎማዎች የተበሉትም ለዚህ ነው። ለእያንዳንዳቸው ዜሮ ነጥብ ሦስት ዲግሪ ደረሳቸው ብንል፣ በ1 ኪሎ ሜትር ጉዞ ጎማው ወደ 5 ሜትር በጎኑ ይፋቃል ማለት ነው። ልጁ በቀን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳል።

ግማሽ ሰዓት ሙሉ የተከራከርነው በቀዩ ቁጥር ነበር። ቀዩ ምንም አላደረገም። ግራው ጎን እንደ ቀይነቱ ንቅንቅ ሳይል ቆይቷል።

ልጁን ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ያኔ የሰሙት ደንበኞች ግን ሄደው ነበር፣ እሱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ጋራዡ ሁለት አዲስ ጎማ ገዛለት፣ ግማሹ ከደሞዜ ተቆረጠ። ናክሉና ሾኩ የሚገናኙበትን ከዘይት ጠርጌ፣ አዲስ ብሎን አስገብቼ፣ በቶርክ መፍቻ እስክትጮህ አጠበቅኩ። ከዚያ ጋሼ ከኪሳቸው ነጭ የቀለም እስክሪብቶ አውጥተው ከብሎኑ ራስ እስከ ናክሉ አንድ ቀጭን መስመር አሰመሩ። ብሎኑ ከዞረ መስመሩ ይሰበራል።

ልጁ አሁንም ዘይት ሊቀይር ይመጣል። መኪናዋ ሊፍት ላይ ስትወጣ ስልኩን አብርቶ እኔን ሳያናግር በቀጥታ ቀኙ ጎማ ሥር ይገባል።

«መስመሯ አለች?» እለዋለሁ።

«አለች ብሮ» ይላል፣ ከዚያም ግራውን ሊያይ ይዞራል።