118ኛው ሳጥን

ለገሃር አካባቢ በሚገኝ ማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ ስሠራ የገጠመኝ ነው፤ ዛሬም ሳስታውሰው ያናድደኛል። ለትምህርት ቤቶች የሚሸጥ ትልቅ ፔሪዮዲክ ሰንጠረዥ (የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ) የማተሚያ ፕሌት ሊወጣለት ተቃርቧል። ጠጣሮቹ ግራጫ፣ ፈሳሾቹ ሜርኩሪና ብሮሚን አረንጓዴ፣ ጋዞቹ ሰማያዊ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 በፊዚክስ ሊቁ በዩሪ ኦጋኔሲያን ስም የተሰየመውን 118ኛውን ንጥረ ነገር፣ ኦጋነሰንን፣ ዲዛይነሩ ሰማያዊ ቀብቶታል። እኔም «ቀለም አይሰጠው፤ በሙከራ አልታወቀም» ብዬ አረምኩ።

ኃላፊያችን ወረቀቱን ይዘው መጡ።

«ስሚ እስቲ፤ ይህ ከሄሊየምና ከኒዮን ሥር የተቀመጠ አይደለም?»

«ነው፤ ነገር ግን…»

«የዓምዱ ስም ኖብል ጋዝ ነው። ጋዝ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?»

ቦታው ብቻውን አይወስንም አልኳቸው። እንዲህ በከበደ አቶም ውስጥ ኤሌክትሮኖች እጅግ ስለሚፈጥኑ ጠባያቸው ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ስሌት እንዲያውም በክፍል ሙቀት ጠጣር እንደሚሆን፣ የሚቀልጠውም 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እንደሆነ ይገምታል። ይህም ቢሆን ግምት እንጂ ልኬት አይደለም። ሩሲያውያንና አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች በሩሲያዋ ዱብና ከተማ ውስጥ ካሊፎርኒየምን በካልሲየም ደብድበው ያገኙት ጥቂት አቶሞችን ብቻ ነው፤ ግማሽ ዕድሜውም፣ ማለትም ከአቶሞቹ ግማሹ የሚፈርሱበት ጊዜ፣ ከአንድ ሚሊሰከንድ ያነሰ ነው።

«በእጁ የያዘው ሰው አለ?»

«የለም።»

«በዓይኑ ያየውስ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ማን ይከራከረናል?»

ይህን ጥያቄ አልረሳውም። ማንም ስላላየው እኮ ነው መጠንቀቅ ያለብን! ወርቅን ጋዝ ነው ብንል የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ያርመናል። በኦጋነሰን ብንዋሽ ግን ልጁ አምኖን ይሸመድደዋል፣ በፈተናም ይጽፈዋል፣ መምህሩም ትክክል ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 በካሊፎርኒያ የሚገኘው የበርክሌይ ቤተ ሙከራ ይህንኑ ንጥረ ነገር ሠራሁ ብሎ አውጆ፣ ውጤቱ አልደገም ሲል በይፋ ሰርዞታል። ይህንንም ነገርኳቸው።

«እነሱን ደንበኛ አያጣድፋቸውም» ብለው ወጡ።

በመጨረሻው እርማት ላይ አልፈርምም አልኩ። ሌላ ሰው ፈረመ፤ ሰንጠረዡም በሰማያዊ ታትሞ ተሠራጨ። እምቢታዬ አንዲት ቅጂ እንኳ አላስቀረም።

ሁለተኛው ኅትመት ሲዘጋጅ ግን ዲዛይነሩ ማንም ሳይልከው ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። «118ን ምን እናድርገው?» አለኝ።

«ነጭ ተወው፤ ከሥሩም ‹አልተለካም› ብለህ ጻፍበት» አልኩት። እንደዚያው ሆኖ ታተመ።