የአይጧን ቀን ሳላውቅ ፍርሃቷን ለካሁ

ደብረ ብርሃን ላይ የማስተርስ ጥናቴን ልጀምር ስል እናቴ፣ «ለመሆኑ አይጥ ምን የሚያስጨንቃት ነገር አላት?» አለችኝ። እሷ መንዝ የገብስ ጎተራ ስትጠብቅ ነው ያደገችው፤ በእሷ ቤት አስጨናቂዋ ራሷ አይጧ ናት።

ጥያቄዬ ቀላል መስሎኝ ነበር፦ የሴቷ አይጥ ሆርሞን ከፍና ዝቅ ሲል ፍርሃቷም አብሮ ይለዋወጣል ወይ? መለኪያውን አናጺ ዘንድ አሠራሁ። የመደመር ምልክት የመሰለ፣ ከመሬት ከፍ ያለ መንገድ ነው። አራቱም ክንዶች 30 ሳንቲ ሜትር ይረዝማሉ፣ ስፋታቸው 5 ነው፤ ሁለቱ 15 ሳንቲ ሜትር ግድግዳ አላቸው፣ ሁለቱ ገደል ናቸው። አናጺው «የኔ እህት፣ ለአይጥ ነው መስቀል የምታሠሪው?» ብሎ ሳቀብኝ። ያስከፈለኝ ግን የሰው ዋጋ ነው።

አይጧን መሃሉ ላይ አስቀምጦ 5 ደቂቃ ማየት ነው። ግድግዳው ውስጥ ከተሸጎጠች ፈርታለች፣ ገደሉ ላይ ከወጣች ደፍራለች። የመጀመሪያውን ዙር ሴቶቹን በሙሉ በሁለት ቀን ጨረስኩና ውጤቱ ብትንትኑ ወጣ። አንዷ ጫፍ ድረስ ሄዳ አንገቷን ወደ ታች ታሰግጋለች። አብራት ያደገች እህቷ ደግሞ የኋላ እግሯን ከግድግዳው ሳታላቅቅ ገላዋን እንደ ላስቲክ ስባ ታሸትና ትመለሳለች።

«ሴቶቹን ተያቸውና በወንድ ሥሪ» ያላለኝ የለም። ልስማማ ምንም አልቀረኝም ነበር። ግን ጥያቄዬ ስለ ሴቷ ሆርሞን ሆኖ ሴቷን ብተዋት ምን ልጠይቅ ነው? ደግሞ ወንዶቹም አለቃና ሎሌ አላቸው፣ የወንድ ሆርሞናቸው ቴስቶስትሮን አንድ አይደለም፤ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ የ2014 ሥራም ሴቶቹ ከወንዶቹ የባሰ እንደማይለዋወጡ አሳይቷል።

ያልሠራሁት ነገር የመራቢያ ዑደት ቀናቸውን ማየት ነበር። ዑደቱ 4 ወይም 5 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ፣ በኅዳር ውርጭ፣ ጋቢ ደርቤ ከብልታቸው በጨው ውሃ ጠብታ ናሙና ወስጄ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎነብሳለሁ፤ ትንፋሼ መነጽሩን ያደበዝዘዋል። ኒውክሊየስ ያላቸው ክብ ሴሎች ከበዙ ፕሮኢስትረስ ነው፣ እንቁላል ከመውጣቱ በፊት ያለው ቀን፤ ቅርፊት የመሰሉት ከበዙ ኢስትረስ፣ ወንድ የምትቀበልበት፤ ጥቃቅን ነጭ የደም ሴሎች ከወረሩት ዳይኢስትረስ፣ በዑደቶቹ መካከል ያለው ፋታ።

ታዲያ ግማሾቹ ከሳምንት በላይ ዳይኢስትረስ ላይ ተተክለው ቀሩ። ብርዱን ወቀስኩ። ለካ ሴት አይጦች የወንድ ሽታ በሌለበት ታጭቀው ሲኖሩ ዑደታቸው ይቆማል። ከወንዶቹ ሳጥን ሽንት የነካው ሰጋቱራ እፍኝ አድርጌ ጨመርኩላቸው። በሦስተኛው ጠዋት ስላይዱ ተለውጦ ጠበቀኝ! ከጥናቱ ሁሉ የምወደው ጠዋት እሱ ነው።

ሌላው ስህተቴ የመጀመሪያዎቹን አይጦች መልሼ መለኪያው ላይ ማውጣቴ ነው። አንዴ ያየችው አይጥ ሁለተኛ ጊዜ ግድግዳውን አትለቅም፣ ቀኗ ምንም ይሁን። ሁሉንም በአዲስ መተካት ግድ ሆነ። ናሙና መውሰዱ ራሱም ስለሚያስደነግጣቸው፣ አዲሶቹን ከፈተናው በፊት አንድ ሳምንት በእጄ አለማመድኳቸው።

ከአዲሶቹ መካከል ፕሮኢስትረስ ላይ ያሉት ገደሉን ደጋግመው ረገጡት። በዚያ ቀን ኢስትሮጅንም ፕሮጄስቴሮንም ከፍ ይላሉ፤ ፕሮጄስቴሮኑ አንጎል ውስጥ አሎፕሬግናኖሎን ወደሚባል ንጥረ ነገር ይለወጥና ጋባ የተባለውን አንጎል የሚያረጋጋ ኬሚካል ሥራ ያበረታል። የሚሠራውም የጭንቀት መድኃኒቱ ዲያዜፓም በሚሠራበት ተቀባይ ላይ ነው፣ የሚይዙት ቦታ ይለያይ እንጂ። ሁሉም ዝርያ ላይ እንዲህ ጎልቶ እንደማይታይ ግን ልናገር፤ የእኔን ውጤት ይዞ ሁሉም አይጥ እንዲህ ነው የሚል እንዳይኖር።

ለፋሲካ ቤት ስሄድ ይህን ሁሉ ለእናቴ አስረዳኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «በይ የሚደፍሩበትን ቀን ንገሪኝ፣ ድመቷን ያን ቀን አስርቤ ልልቀቃት» አለች።