ከደብተሬ ሉክ አልቀድም

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ነበርኩ። ጀልባዎቹ ገብተዋል፣ ልጆቹ ቆሮሶ ዓሣ ይገፍፋሉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ደግሞ አጠገባቸው ቆመው የሚወረወርላቸውን ይጠብቃሉ። አንድ ትልቅ ሰው ጀልባቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው መረብ ሲጠግኑ አየሁና ሳልኳቸው። ሃያ ደቂቃ ቢፈጅብኝ ነው። ስጨርስ መጥተው አዩት፣ በጣም ደስ አላቸው። "በይ ልጄ፣ ቀደሽ ስጪኝ" አሉኝ።

"ይቅርታ ጋሼ፣ ከዚህ ደብተር አልቀድም" አልኳቸው። ፊታቸው ቅር ሲለው አየሁ። የሰሰትኩባቸው ነው የመሰላቸው። እዚያው ላስረዳቸው ሞክሬ ነበር፣ ግን አልተሳካልኝም። እስቲ እዚህ ልሞክር።

ስኬች ቡኬን የምሰፋው ራሴ ነኝ። የምጠቀመው በካሬ ሜትር 160 ግራም የሚመዝን ወረቀት ነው፤ 80 ግራሙ የፎቶ ኮፒ ወረቀት የውሃ ቀለም ሲነካው ይጨማደዳል፣ 300 ግራሙ ደግሞ ለውሃ ቀለም ምርጥ ቢሆንም ለኪሴ አይሆንም። አራት ወረቀት አንድ ላይ ለሁለት አጥፋለሁ። ስምንት ሉክ ይወጣዋል፣ 16 ገጽ ማለት ነው። ይህ አንድ ጥራዝ ነው። እጥፋቱን በእናቴ ወስፌ እበሳለሁ፣ ክሩ እንዳይላላ በጧፍ አሸዋለሁ፣ ከዚያ እንዲህ ያሉ አምስት ጥራዞችን እያያያዝኩ እሰፋለሁ። ስጨርስ ጣቶቼ ጧፍ ጧፍ ይሸታሉ።

እንግዲህ በተሰፋ ደብተር ውስጥ ብቻውን የቆመ ሉክ የለም። የመጀመሪያው ሉክና ስምንተኛው አንድ ወረቀት ናቸው፣ ሁለተኛው ከሰባተኛው ጋር አንድ ነው። አንዱን ስትቀዱት ጥንዱን የሚይዘው ነገር ያጣል። ይህንን የተማርኩት በደረሰብኝ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ለጓደኛዬ የፍቅር ሐይቅን ስዕል ቀድጄ ሰጠኋት። ጥንዱ ላይ የአያቴ እጆች ነበሩ፣ ሰፌድ ላይ ቡና ሲለቅሙ። ያ ሉክ ቀስ በቀስ ላልቶ ከፒያሳ ወደ አቶቴ ስሄድ ባጃጅ ውስጥ ይሁን መንገድ ላይ ወደቀ። አያቴ አሁን የለችም። ሌላ የሳልኩት እጇም የለም።

የጥንት ጠራዦቻችን ይህንን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። የብራና መጽሐፍም እንዲሁ በጥንድ ታጥፎ፣ በጥራዝ በጥራዝ ተሰፍቶ፣ በእንጨት ገበታ መካከል ገብቶ፣ በቆዳ ማህደር ይያዛል። አድዋ አጠገብ ያለው የአባ ገሪማ ወንጌል በካርቦን ምርመራ ሲታይ ዕድሜው ከ330 እስከ 650 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚወድቅ ተረጋግጧል፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር። "ደብተር" የምንለው ቃል ራሱ ምንጩ የግሪኩ "ዲፍቴራ" ነው፣ ቆዳ ማለት ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ የትምህርት ቤት ደብተር እንኳን በተለየ ዓይን አያለሁ።

የሌላ ሰው ደብተር የሚሰበስቡ ሰዎችስ ምን ፈልገው ነው? ቢል ጌትስ በ1994 (እ.ኤ.አ.) አንዱን የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ደብተር የገዛው በ30.8 ሚሊዮን ዶላር ነው። 18 ወረቀት ለሁለት ታጥፎ 72 ገጽ የሆነ ነገር ነው። ውስጡ የተጨረሰ ሥዕል አታገኙም። ውሃ ድንጋይ ሲመታ እንዴት እንደሚዞር፣ ጨረቃ ብርሃኗን ከየት እንደምታገኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ በተጻፈ ጽሑፍ ጠርዝ ላይ ትንንሽ ንድፎች። እኔ እንደሚገባኝ ዋጋው ያለው እዚያ ነው፦ ሰውየው ገና እያሰበ እያለ ታገኙታላችሁ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል ይህንን አይሰጥም።

እዚሁ ሐዋሳ አጀንዳ የሚሰበስብ ጓደኛ አለኝ። ድርጅቶች ለአዲስ ዓመት የሚያድሉትን ማለቴ ነው። ባዶውንም ይወስዳል፣ አሽትቶ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል። የሁሉም መጀመሪያ ግን የአባቱ አጀንዳ ነው፤ የቡና ኪሎና ብር በሰማያዊ እስክርቢቶ የተጻፈበት፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ በሒሳቡ መሐል የልጁ የልደት ቀን። ለእኔ ከዚያ መደርደሪያ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።

ወደ ጋሼ ልመለስ። እሑድ አንድ ነጠላ 300 ግራም ወረቀት ይዤ ተመልሼ ሄድኩ። እዚያው ጀልባቸው ላይ ነበሩ። ቅዳሜ የነገርኳቸውን ስለ ጥንዱ እንደገና ነገርኳቸው፣ አሁን ደብተሩን ከፍቼ ክሩን እያሳየሁ። በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉትና "እንደ መረብ ነው በይኛ፣ አንዱ ቋጠሮ ሲፈታ ጎረቤቱም ይሄዳል" አሉኝ። ከዚያ ተስተካክለው ተቀመጡልኝ። ጀልባዋም እንድትገባ ፈለጉ፣ አስገባኋት። ሲቀበሉኝ በላስቲክ ጠቅልለው ሸሚዛቸው ውስጥ ከተቱት።

የቅዳሜው ደብተሬ ውስጥ አለ። ጥጉ ላይ አንድ የቆሮሶ ቅርፊት ተጣብቆበት ደርቋል፣ አላነሳሁትም። ጥንዱ ሉክ ገና ባዶ ነው።